«ሄሞግሎቢኔ 10.1 ነው፤ ሁዳዴንም እየጾምኩ ነው»፦ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «27 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ሲሆን 22ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ከማርገዜ በፊት 52 ኪሎ ነበርኩ፤ አሁን 53 ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። በመጨረሻው ክትትል ሄሞግሎቢኔ 10.1 ነው ተብሎ አይረን (የብረት ኪኒን) ታዘዘልኝ። ነገር ግን ስላቅለሸለሸኝና የሆድ ድርቀት ስላመጣብኝ ከሳምንት በኋላ ተውኩት። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። አማቴ ‹ብዙ አትብዪ፣ ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጠናብሻል፤ ወተትና ሙዝ ደግሞ ልጁ ላይ ይለጠፋል› ይሉኛል። ቡናን መተው አልቻልኩም። ደም ማነሴን በምግብ ብቻ ማስተካከል እችላለሁ? ከወለድኩ በኋላስ ወተት እንዲበዛልኝ ምን ልብላ? አብሽ ይረዳል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከላኩልን ቁጥሮች መካከል ይበልጥ ያሳሰበኝ 10.1 ሳይሆን 53 ነው። በቁመትዎና በቀድሞ ክብደትዎ ያለች ሴት በጠቅላላ እርግዝናዋ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ እንድትጨምር ይጠበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚጨመረው ከግማሽ እስከ ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በየሳምንቱ ከ350 እስከ 500 ግራም ሊጨመር ይገባል። ስለዚህ በ22ኛው ሳምንት ከ4 እስከ 6 ኪሎ ገደማ መጨመር ነበረብዎ። እርስዎ የጨመሩት አንድ ነው። ፅንሱ፣ የእንግዴ ልጁ፣ የሽርት ውኃውና የጨመረው ደም ብቻቸውን ከአንድ ኪሎ በላይ ስለሚመዝኑ፣ ቀሪው ከራስዎ ሰውነት እየተቀነሰ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ግን ሚዛኑን ያጣሩ። ከማርገዝዎ በፊት የተመዘኑበትና አሁን የተመዘኑበት ሚዛን የተለያዩ ከሆኑ ሁለት ኪሎ ያህል ልዩነት በቀላሉ ይፈጠራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ አስመልሶዎት ከነበረም የጉድለቱ ከፊሉ ከዚያ የመጣ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ የክንድዎ ዙሪያ እንዲለካ ይጠይቁ፤ ቴፑ በየጤና ጣቢያው አለ። ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ተጨማሪ ምግብና ጠበቅ ያለ ክትትል ያስፈልግዎታል።

በዚህ ምክንያት የአማትዎን ምክር በዚህ እርግዝና አይከተሉ። እሳቸው የሚሉት በቅንነት ነው፤ በብዙ አካባቢ ያሉ እናቶችም ይህንኑ ይላሉ። ምጥን የሚያከብደው ግን በአብዛኛው የዳሌ አጥንት ጥበት፣ የፅንሱ አቀማመጥ ወይም የማህፀን መኮማተር መድከም ነው። ምግብ መቀነስ ዳሌን አያሰፋም። የሚያመጣው ከ2.5 ኪሎ በታች የሚወለድ፣ ሙቀቱን መጠበቅና መጥባት የሚከብደው ልጅ፣ እንዲሁም ምጡ ላይ አቅም የምታጣ እናት ነው። ፅንስ ከልክ በላይ የሚገዝፍበት ትልቁ መንገድ በእርግዝና ወቅት የሚመጣ የስኳር በሽታ ነው። እሱን ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በምርመራ ማወቅ ይቻላል፤ ስለዚህ ጊዜው ሲደርስ ይመርመሩ። ስለ ወተትና ሙዝ የሚባለውም መነሻው የሚታወቅ ነው። ሕፃን ሲወለድ ሰውነቱ ላይ ነጭ ቅባት ይታያል። ያንን ቅባት የሚሠራው የሕፃኑ የራሱ ቆዳ ነው፤ ወራት ሙሉ ውኃ ውስጥ ሲኖር ቆዳው እንዳይጎዳ ይሸፍነዋል። ወተት ቀምሳ በማታውቅ እናት ልጅ ላይም ይኖራል። አማትዎን ወደ አንድ ቀጠሮ ይዘዋቸው ቢሄዱና አዋላጅዋ ብታስረዳቸው፣ እርስዎ ቤት ውስጥ ከሚከራከሩ ይሻላል።

ከሁለተኛው ሦስት ወር ጀምሮ ሰውነትዎ በቀን 340 ካሎሪ ያህል፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ 450 ያህል ተጨማሪ ይፈልጋል። በአገራችን የጤና ትምህርት «በእርግዝና አንድ ተጨማሪ ምግብ፣ በማጥባት ሁለት» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። በጾም ቀን እንኳ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ፣ አንድ ሙዝና ግማሽ አቮካዶ ሲደመሩ ከ400 ካሎሪ ያልፋሉ። ኦቾሎኒው የሻገተ፣ የተሸበሸበ ወይም ቀለሙን የለወጠ ከሆነ ይጣሉት፤ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ በመቁላት አይጠፋም።

ወደ ጾሙ ልምጣ። መጾምና አለመጾም የእርስዎና የነፍስ አባትዎ ጉዳይ ነው። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት የሚፈቅዱ አባቶች ብዙ ስለሆኑ የምርመራ ወረቀትዎን ይዘው ያነጋግሯቸው። በሥነ ምግብ ዓይን ሲታይ ግን በጾም ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ሰዓቱና የምግቡ ዓይነት። ማታ 3 ሰዓት ላይ እራት በልተው እስከ ማግስቱ 9 ሰዓት ከቆዩ 18 ሰዓት ያለ ምግብ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ስትራብ ስኳሯ ካላረገዘች ሴት ፈጥኖ ይወርዳል፤ ሰውነቷም ቶሎ ስብ ወደ ማቃጠል ይገባል። የሚያቅለሸልሽዎት ነገር ግማሹ ከዚህ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማስፈቀድ ከቻሉ ሰዓቱን ያስፈቅዱ። የጾም ምግብ በጥንቃቄ ከተሰናዳ ፅንስን መመገብ ይችላል፤ የ18 ሰዓት ባዶ ሆድ ግን በምንም አይካካስም።

የጾም ምግብ በራሱ ሊሞላው የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ ቫይታሚን ቢ12። የሚገኘው በሥጋ፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት ብቻ ነው። እርሾ፣ ጠላም ሆነ ጎመን አይተኩትም። በሌላው ጊዜም ሥጋና ወተት የማያዘወትሩ ከሆነ ክምችትዎ ሳስቶ ሊሆን ይችላል። በቀን የሚያስፈልግዎ 2.6 ማይክሮግራም ነው፤ ሲያጠቡ 2.8። ብዙዎች የማያውቁት ነገር በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ቢ12 ከባክቴሪያ የሚመረት መሆኑን ነው። ከእንስሳ ስለማይወሰድ ኪኒኑን በጾምም መውሰድ ይቻላል። ካፕሱል ከሆነ ግን ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ከእንስሳ ጄላቲን ስለሚሠራ፣ ጾሙን የሚጠብቅ ሰው ድፍን ኪኒን ይጠይቅ። ከአይረኑ ጋር የሚሰጠው ፎሊክ አሲድ የደም ሕዋሳትን ብቻ አስተካክሎ የቢ12 እጥረትን ሊሸፍን ይችላል፤ ነርቭ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ይቀጥላል። አይረኑን በደንብ ወስደው ደምዎ ካልጨመረ ቢ12 ይመርመሩ።

አሁን ደሙ። ሄሞግሎቢን ኦክስጅን የሚሸከመው፣ ብረት ያለበት የደም ክፍል ነው። በሁለተኛው ሦስት ወር በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ10.5 ግራም በታች ሲሆን ደም ማነስ ይባላል፤ ስለዚህ 10.1 ቀላል የሚባለው ደረጃ ላይ ነው። ነገር ግን የሚኖሩት ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አሠራር በዚህ ከፍታ ከተለካው ቁጥር ላይ ከአንድ ግራም በላይ ይቀነሳል። ይህ ቅነሳ በኢትዮጵያ ደጋ ሰዎች ላይ በትክክል ይሠራል ወይ የሚለው በተመራማሪዎች ዘንድ ክርክር አለበት። የሰሜን ደጋ ሰዎች ደም እንደ ሌሎች ደገኞች ብዙም አይጨምርም የሚል ግኝት አለ። ክርክሩ ምንም ይሁን፣ ቁጥሩን «ትንሽ ነው የቀነሰው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ከተቻለ ፌሪቲን ይለኩ፤ እሱ የሚያሳየው በመጋዘን ያለውን ብረት ነው።

በምግብ ብቻ ይስተካከላል ወይ ላሉኝ፦ አይስተካከልም። በእርግዝና በቀን 27 ሚሊግራም ብረት ያስፈልጋል፤ ጉድለቱን ለመሙላት ደግሞ ከዚያ በላይ። ሰውነት ከእህልና ከጥራጥሬ ብረት የሚወስደው ጥቂቱን ብቻ ነው። «ጤፍ ብረት አለው» የሚባለው እውነት ነው፤ ሆኖም ላቦራቶሪ ከሚለካው ብረት ጥቂት የማይባለው በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ሲሆን እሱ ለሰውነት ብዙ አይጠቅምም። በጤፉ ውስጥ ያለውን ደግሞ ፋይቴት የሚባል ነገር አስሮ ይይዘዋል። መቡካት ይህን ፋይቴት ይቀንሳል። ስለዚህ በእርሾ ሁለትና ሦስት ቀን የቦካ እንጀራ ከአፍለኛ እንጀራ ይሻልዎታል። ሽምብራና ምስርንም አሳድሮ፣ ውኃውን ደፍቶ መቀቀል በዚሁ ምክንያት ይጠቅማል።

ትልቁ ለውጥ ግን ከወጡ አጠገብ በሚቀመጠው ነገር ይመጣል። ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን ያላቸው ቫይታሚን ሲ የእህሉን ብረት ሰውነት ሊወስደው ወደሚችለው መልክ ይለውጠዋል። ሙቀት ያጠፋዋልና ቃሪያውን ከወጡ ጋር አይቀቅሉት፤ ስንግ አድርገው ይብሉት። ሎሚውን ምስሩ ወይም ጎመኑ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጭመቁበት።

ቡና የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1983 የታተመ አንድ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ኩባያ ቡና የብረቱን መዋጥ በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ቀጣዩ ግኝት ነው። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ብረቱን አልነካውም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ የተጠጣውን ያህል ቀነሰው። ምሳ እንደተነሣ የሚፈላው ቡና ስለዚህ ከሁሉ የከፋ ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው፤ ሻዩም እንዲሁ። ቡናውን ሙሉ በሙሉ ይተዉ አልልም። ቁርስ በልተው ሁለት ሰዓት ቆይተው፣ ከምሳ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድመው ይጠጡት። ካፌይኑ በቀን ከ200 ሚሊግራም እንዳያልፍ አንድ ወይም ሁለት ስኒ ይበቃል። አቦሉ ከሁሉ የጠነከረ ስለሆነ ቶናውን ወይም በረካውን ቢመርጡ ይሻላል።

ቀኑን እንዲህ ቢያስቡት፦ ጠዋት 1፡30 ቂንጬ፣ አጥሚት ወይም ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ። 4 ሰዓት ላይ ቡና። 7 ሰዓት እንጀራ በምስርና በጎመን ከጥሬ ቃሪያና ከሎሚ ጋር። 10 ሰዓት የሽምብራ ቆሎና ፍራፍሬ። ማታ 1፡30 ሽሮ ወይም ሱፍ ፍትፍት ከቲማቲም ጋር። ኪኒኑ ከመኝታ በፊት። በቀን 70 ግራም ገደማ ፕሮቲን ስለሚያስፈልግ የሽሮው ነገር ይታሰብበት። ለአንድ ሰው በሚሠራ ቀጠን ያለ ሽሮ ውስጥ ያለው ዱቄት 35 ግራም ቢሆን ፕሮቲኑ ከ7 ወይም ከ8 ግራም አይበልጥም። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ግን 18 ያህል አለው። በጾም ሽሮ ብቻ እየበሉ የሚከርሙ ሴቶች የሚጎድላቸው እዚህ ላይ ነው።

አይረኑን እንደገና ይጀምሩ። የተለመደው ኪኒን 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ይይዛል። ሳጥኑ ላይ «300 ሚሊግራም ፌረስ ሰልፌት» የሚል ካዩ አይደናገሩ፤ ይህ ብረቱ ከሰልፌት ጋር የተዋሐደበት ውህድ ጠቅላላ ክብደት ነው፤ ብረቱ 60 ነው። ደም ማነስ ለተገኘባት ነፍሰ ጡር የሚመከረው በቀን 120 ሚሊግራም ብረት ስለሆነ መጠኑን ከሀኪምዎ ጋር ይወስኑ። ማታ እራት ከበሉ ሁለት ሰዓት ቆይተው፣ ሊተኙ ሲሉ፣ በሎሚ ውኃ ወይም በብርቱካን ይውሰዱት፤ ማቅለሽለሹ ተኝተው ያልፋል። ያም ካስቸገረ ግማሽ ሙዝ ወይም ትንሽ ድንች ቀምሰው ይዋጡት። ሆድዎ እስኪለምድ ለአንድ ሳምንት አንድ ቀን እያለፉ ወስደው ከዚያ ወደ ዕለታዊው መመለስም አንዱ መንገድ ነው። ከወተት፣ ከካልሲየም ኪኒንና ከጨጓራ መድኃኒት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያራርቁት። «ለደረቀ ሆድ» ብለው ከሻይ ጋር የሚወስዱት ብዙዎች ናቸው፤ ያ ኪኒኑን ማባከን ነው። ሰገራዎ ይጠቁራል፤ አይደንግጡ። ለድርቀቱ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ አንድ ሁለት ማንኪያ በብዙ ውኃ ይረዳል። (ተልባ «ልጁን ያንሸራትታል» የሚባለው ግን አይሆንም፤ የሚያልፈው በአንጀት ነው፣ ማህፀን አይደርስም።) በዚህ ሁሉ ካልተቻለ በደም ሥር የሚሰጥ ብረት አለ፤ ከመጀመሪያው ሦስት ወር በኋላ ይሰጣል። ኪኒኑን ልጆች ከማይደርሱበት ያስቀምጡ፤ ጥቂቱ እንኳ ሕፃን ሊገድል ይችላል።

ሆድዎ አፈር ወይም ገል ካማረው አምሮት ነው ብለው አይለፉት። አንዳንዴ የብረት እጥረት ምልክት ነው፤ አፈሩ ራሱ ደግሞ ብረቱን ያስራል፣ የአንጀት ትልም ያመጣል። የትል መድኃኒት፣ አልቤንዳዞል 400 ሚሊግራም አንድ ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ሦስት ወር በኋላ በክትትል ይሰጣል። ኮሶ ግን በምንም መልኩ አይሞክሩ፤ መርዛማ ነው፣ ያስወርዳልም። ጤና አዳምን እንደ መድኃኒት ጨምቆ መጠጣትም እንዲሁ ነው።

ጨውዎ አዮዲን ያለው መሆኑን አይተው ይግዙ። ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨምሩት። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ የሚገባው ጨውም አዮዲን ያለው ይሁን።

ፋሲካ ሲደርስ እንቁላልና ወተት በየቀኑ፣ ሥጋ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ቢያገኙ ጥሩ ነው። ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ዱለትና ያልፈላ ወተት ግን እስኪወልዱ ይቆዩ። ከኮሶ ትሉ በላይ የሚያሰጉት በዓይን የማይታዩት፣ ለፅንስ የሚተርፉት ተህዋስያን ናቸው። ጉበትም ቫይታሚን ኤው እጅግ ብዙ ስለሆነ ከወሊድ በኋላ ይብሉት።

ስለ ማጥባቱ አንድ ነገር በቅድሚያ ልበል። የወተትን ብዛት የሚወስነው በዋናነት ምግቡ ሳይሆን ጡቱ ምን ያህል ባዶ እንደሚሆን ነው። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ካጠቡ ወተቱ ይመጣል፤ ዱቄት ወተት በጡጦ ከተጨመረ ይቀንሳል። እንገሩን አይደፉት፤ ለሕፃኑም ቅቤም ሆነ የስኳር ውኃ አይቅመስ። በቂ ወተት እያገኘ መሆኑን የሚያውቁት ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር ሲያርስና በሁለት ሳምንት ውስጥ የተወለደበትን ክብደት ሲመልስ ነው። የጡት መለስለስ ወይም የልጁ ማልቀስ መለኪያ አይሆንም።

የአብሽ ማስረጃ ደካማ ነው። አንዳንድ ትንንሽ ጥናቶች ጥቂት ጭማሪ አይተዋል፤ ሌሎች አላዩም። እየወደዱት በልክ ቢጠጡት አልከለክልም። የስኳር ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ እናት ግን ትተወው፤ ሽምብራ ወይም ኦቾሎኒ አለርጂ የሆነባትም እንዲሁ። አሁን በእርግዝናዎ ወጥ ውስጥ ከሚገባው ያለፈ አይውሰዱ። ጠላ ወተት ያመጣል የሚባለው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አልኮል ወተቱን የሚያወርደውን ሆርሞን ያዳክማል። ውኃ ጥምዎን ያህል ይበቃል፤ ባጠቡ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ከአጠገብዎ ይኑር።

ምግብዎ ወተቱ ውስጥ የሚለውጠውና የማይለውጠው ነገር አለ። ብረት፣ ካልሲየም፣ ዚንክና ፕሮቲን እርስዎ ቢራቡም በወተቱ ውስጥ ብዙም አይቀንሱም፤ ዋጋውን የሚከፍለው የእርስዎ አጥንትና ደም ነው። ቢ12፣ ቫይታሚን ኤ፣ አዮዲንና አንዳንድ የቢ ቫይታሚኖች ግን እናት ሲጎድላት ከወተቱም ይጎድላሉ፤ እዚህ ላይ ከፋዩ ልጁ ነው። ስለዚህ ከክርስትናው በኋላ፣ ወንድ ከሆነ ከ40 ቀን፣ ሴት ከሆነች ከ80 ቀን ወዲህ ወደ ጾም የሚመለሱ ከሆነ ቢ12ቱን አያቋርጡ። ልጅዎ ለስድስት ወር ሌላ ምንጭ የለውም።

በቀን ከ750 ሚሊ ሊትር ያላነሰ ወተት ለማውጣት 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ያስፈልጋል። የአራስ ገንፎ በቅቤና አጥሚት ጉልበቱን በደንብ ይሰጣሉ። የሚጎድላቸው ቫይታሚን ሲ፣ ብረትና ፕሮቲን ነው። እንቁላል፣ ጎመንና ፍራፍሬ ከጎኑ ካልቀረበ አራሷ ትወፍራለች፣ ደሟ ግን አይመለስም። አይረኑንም ከወሊድ በኋላ ለሦስት ወር ይቀጥሉ። ቡና ሲጠጡ፣ አራስ ልጅ ካፌይንን ከሰውነቱ ለማስወጣት ቀናት እንደሚፈጅበት ያስቡ፤ እንቅልፍ ካጣና ከተነጫነጨ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው።

በዚህ ሳምንት ክብደትዎን፣ የክንድ ዙሪያዎንና ፌሪቲንዎን ያስለኩ። ኪኒኑን በትክክል ከጀመሩ ከአራት ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢን ይድገሙ፤ ቢያንስ አንድ ግራም መጨመር አለበት። ካልጨመረ መጠኑን ከመጨመር በፊት ሻዩንና ቡናውን፣ ትሉን፣ ቢ12ቱን ይፈትሹ። ከዚያ በፊት ተቀምጠው ሳሉ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ልብዎ በኃይል ከመታ፣ ራስዎን ከሳቱ፣ ደም ካዩ፣ ፊትዎና እጅዎ አብጦ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።